ሂትሮው፦ በአውሮፕላን ማረፊያ ሥር የቀረችው መንደር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ለንደን የሚያጓጉዛቸው መንገደኞች የሚያርፉበት ሂትሮው ስሙን የወረሰው ከ80 ዓመታት በፊት ከፈረሰች የገበሬዎች መንደር ነው። መንደሯ ከለንደን በስተምዕራብ፣ በቀድሞው የሚድልሴክስ አውራጃ ትገኝ ነበር። ስሟም በሃውንስሎው ጠፍ ሜዳ ዳር በመስመር የተሠሩ ቤቶችን ያመለክታል።

የአካባቢው አፈር እጅግ ለም ነበር። ገበሬዎቹ አትክልትና ፍራፍሬ አምርተው ለለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ገበያ ያቀርቡ ነበር። በፈረስ ጋሪ ዘመን በሌሊት የተጫነው ምርት ከንጋት በፊት ገበያ ይደርሳል፤ ጋሪው ሲመለስ ደግሞ ከከተማዋ ጋጣዎች የተሰበሰበ ፍግ ለማሳው ይዞ ይመጣል።

ሜዳማነቱም ስፍራውን ለሳይንስ አስመርጦታል። በአውሮፓውያኑ 1784 ጄኔራል ዊልያም ሮይ ከሂትሮው እስከ ሃምፕተን ያለውን ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት በጥንቃቄ ለካ። ይህ መስመር ለብሪታንያ ዘመናዊ የካርታ ሥራ መነሻ ሆነ። የመስመሩን ሁለት ጫፎች ለማመልከትም አፈሙዛቸው ወደ ሰማይ የቆሙ መድፎች ተቀበሩ።

ያው ሜዳ በ1930ዎቹ የፌሪ የአውሮፕላን ፋብሪካ የሙከራ ማረፊያ ሆነ። በ1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ የአየር ኃይል ሚኒስቴር መሬቱን በጦርነት ጊዜ አስቸኳይ ሥልጣን ወሰደ። በዚህ መንገድ መሬቱን ለመውሰድ በሰላም ጊዜ የሚያስፈልገው ረጅም ምርመራ አላስፈለገም። ነዋሪዎች ለቅቀው እንዲወጡ ተደረገ፤ ቤቶቹና የፍራፍሬ ማሳዎቹም ጠፉ። ይሁንና ስፍራው ለጦርነቱ አልዋለም። ገና በጃንዋሪ 1946 የመጀመሪያው የሲቪል በረራ ከዚያ ተነሣ።

በወቅቱ የሚኒስቴሩ ምክትል ባለሥልጣን የነበሩት ሃሮልድ ባልፎር ከዓመታት በኋላ ባሳተሙት ማስታወሻ፣ ስፍራው ከመጀመሪያውም ለሲቪል አቪዬሽን እንደታሰበና ወታደራዊ ፍላጎቱ ሽፋን እንደነበር ጽፈዋል። ለተፈናቃዮቹና ለጎረቤቶቻቸው ይህ ቃል ቅሬታቸውን ያጸና ምስክርነት ሆነ።

ከመንደሯ የቀረው በአብዛኛው ትዝታ ነው። የመጨረሻ ዘመኗን በልጅነት ያዩ ሰዎች ከሚያስታውሷቸው መካከል የፍራፍሬ ዛፎቹ፣ አሮጌዎቹ የእርሻ ቤቶችና ገበሬዎች በፈረስ የሚፎካከሩበት ዓመታዊ የእርሻ ውድድር ይገኙበታል። የአካባቢው የታሪክ ጸሐፊ ፊሊፕ ሸርዉድ እነዚህን ታሪኮች ከጥንታዊ ፎቶግራፎችና ሰነዶች ጋር በመጻሕፍት አኑሯቸዋል።

ጉዳዩ ግን ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው የአውሮፕላን መንደርደሪያ እንዲሠራ የቀረበው ዕቅድ ጎረቤት መንደሮችን ሎንግፎርድን፣ ሃርመንድስወርዝንና ሲፕሰንን ይነካል። የአየር ማረፊያዎች ኮሚሽን በ2015 ባወጣው ሪፖርት ዕቅዱ 783 ቤቶችን እንደሚያስፈርስ ገምቶ ነበር። በሃርመንድስወርዝ በ1426 ገደማ የተሠራና 58 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ጎተራ ይገኛል። ጎተራው ባይፈርስ እንኳ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ይነሣሉ።

መንግሥት በ2009 ዕቅዱን ፈቀደ፤ በ2010 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ሰረዘው። በ2018 ፓርላማው በ415 ድምፅ ለ119 ደገፈው። በ2020 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አገደው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት እገዳውን ሻረ። በጃንዋሪ 2025 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ለዕቅዱ ድጋፋቸውን ገለጹ።

ደጋፊዎች የሥራ ዕድልንና ንግድን ያነሣሉ። ለነዋሪዎቹ ግን ውሳኔው በተለዋወጠ ቁጥር ቤት መጠገን፣ መሸጥም ሆነ ልጆችን በዚያው ማሳደግ አጠራጣሪ ይሆናል። ስለ ሀገር ጥቅም የሚነገራቸውን ሁሉ የሚመዝኑትም ከ1944 በተማሩት ነው።