ከዳንግላ ወደ አውሮፓ ክለቦች፦ የወጣት እግር ኳስ ተጫዋቾች መንገድ

የወጣት ተጫዋቾች የአውሮፓ ጉዞ በአገር ቤት ያደገ ታዳጊ በሙከራ፣ በውሰት ወይም በቋሚ ዝውውር ለአውሮፓ ክለብ ለመፈረም የሚያልፍበት ሂደት ነው። ከኢትዮጵያ ተነስተው ይህን መንገድ የጨረሱት ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የችሎታ ማነስ ነው። የሄዱትን ታሪክ አንድ በአንድ ላየ ሰው ግን የዕድሜ ገደብ፣ የወረቀት ጉዳይና የመሸጋገሪያ ክለብ ምርጫ የበለጠ ይከብዳሉ።

ዳንግላ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከአዲስ አበባ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ኳስ የሚወድ የዳንግላ ልጅ እንደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ልጆች ከሰፈር ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት ቡድን፣ ከተሳካለትም ወደ ታዳጊ ፕሮጀክት ይሄዳል። ቅርቡ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ባሕር ዳር ከተማ ሲሆን፣ ወደ ሊጉ ያደገውም በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ትውልድ ከዚህ አካባቢ የወጣ ልጅ ከፍተኛውን ደረጃ ለመድረስ ከቤቱ ርቆ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነበረበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ እየዘጋ ይህንኑ አጭር ርቀት አስረዝሞታል።

ዕድሜና ወረቀት

የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። የተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደ ሌላ አገር የሄዱ ልጅ፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣትና በድንበር አቅራቢያ የሚኖር ታዳጊ ይገኙበታል። አሜሪካዊው ክርስቲያን ፑሊሲች በ16 ዓመቱ ወደ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ገብቶ መጫወት የቻለው በአያቱ በኩል የክሮኤሺያ ፓስፖርት ስላገኘ ነው። ያን ዓይነት አያት ያልነበረው ዌስተን ማኬኒ ግን በዳላስ አካዳሚ አድጎ፣ 18 ዓመት ሲሞላው ወደ ሻልከ ተሻገረ። የዳንግላ ታዳጊ ሁኔታ ከማኬኒ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን እስከ 18 ዓመቱ የሚያቆየው የዳላስን ያህል የተደራጀ አካዳሚ በአካባቢው አለመኖሩ ነው።

ወረቀቱ ከዕድሜው የሚብስበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ የልደት ማስረጃ የሚያወጣው ካደገ በኋላ ሲሆን፣ የሚቀርበው የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ነው። እነዚህም ሁልጊዜ አይስማሙም። ሁሉም ቢስማሙ እንኳ የዘመን አቆጣጠሩ ይቀራል። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2005 ልጅ ነው፤ በመጋቢት 1998 የተወለደው ደግሞ የ2006። ፓስፖርት የሚያስሞላው ሰው በሁለቱም ላይ ስምንት ዓመት ከደመረ፣ የመጀመሪያው ልጅ ሳያውቀው አንድ ዓመት ታናሽ ሆኖ ይመዘገባል። የታዳጊ ውድድሮች ምድብ የሚቆረጠው በፈረንጆች ጥር 1 ስለሆነ ይህ ስሕተት ከእውነተኛ ምድቡ ያስወጣዋል፤ ሲብስም ዕድሜ ቀንሷል ያሰኛል። ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መታየት ከጀመረ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥርጣሬው በቃል ክርክር ብቻ የሚያልቅ አልሆነም። በእርግጥ ሆን ተብሎ የሚደረግ የዕድሜ ቅነሳም አለ፤ በእሱ ምክንያት የሚጎዱት ደግሞ እውነተኛ ዕድሜያቸውን ያስመዘገቡት ልጆች ናቸው።

የሄዱት የሄዱበት መንገድ

በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተሻለ ውጤት ያሳየው በየደረጃው መሻገር ነው። ሳላዲን ሰይድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብፁ ዋዲ ዴግላ ሄዶ ከዚያ በውሰት ለቤልጂየሙ ሊርስ ተጫወተ። ሁለቱ ክለቦች በወቅቱ በግብፃዊው ባለሀብት ማጌድ ሳሚ እጅ ስለነበሩ ከካይሮ ወደ ቤልጂየም የሚወስደው በር አስቀድሞ ክፍት ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ አል አህሊ ተዛወረ። ፍቅሩ ተፈራም የደቡብ አፍሪካዎቹን ኦርላንዶ ፓይሬትስንና ሱፐርስፖርት ዩናይትድን አልፎ በቼክና በፊንላንድ ተጫውቷል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረውም እሱ ነው።

በአንድ እርምጃ የሄዱት ዕጣቸው ከባድ ነበር። የጋምቤላው ልጅ ጋቶች ፓኖም በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ቡና በቀጥታ ለሩሲያው አንዢ ማካችካላ ፈረመ። ዜናው አገሩን ሁሉ ቢያስደስትም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ለመቀሌ ከተማ ተጫወተ። አንድ የአገር ውስጥ ተጫዋች ቋንቋውን፣ ብርዱንና የሊጉን ፍጥነት በአንድ የውድድር ዘመን አጋማሽ እንዲለምድ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። በዚያው ዓመት ቢንያም በላይ ወደ አልባኒያው ስኬንደርቤዩ ሄዶ የ2017/18 የሊጉን ዋንጫ ከቡድኑ ጋር አነሣ። አልባኒያ ትልልቅ ክለቦች ተጫዋች የሚፈልጉባት መሸጋገሪያ ልትሆን ትችል ነበር። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኤፋ ስኬንደርቤዩን በጨዋታ ማጭበርበር ከአውሮፓ ውድድሮች ለ10 ዓመት አገደው። በዚህም ወጣቱ በምንም ያልተሳተፈበት ጉዳይ ለዕይታ የሚቀርብበትን መድረክ ዘጋበት።

የሚሄደው ተጫዋች ቁጥር ትንሽ የሆነበት ሌላው ምክንያት በአገር ቤት ያለው ክፍያ ነው። ብዙዎቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ለአንድ ታዋቂ ተጫዋች የሚሰጡት ደመወዝ በአውሮፓ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ያማልላል። ክፍያው ከቁጥጥር እየወጣ በመሄዱ በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። የ20 ዓመት ወጣት ቤተሰቡን የሚያሳድርበትን ገንዘብ ትቶ በስዊድን ሦስተኛ ዲቪዚዮን ለሙከራ እንዲሄድ መምከር ቀላል አይደለም።

መታየትም ሌላ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያው የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ ክብረ ወሰን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። በአንጻሩ የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርት አላሟላም ተብሎ በካፍ ከታገደ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳው ጨዋታዎችን በሌሎች አገሮች ለማድረግ ተገደደ። ለዳንግላ ልጆች በአንድ ጉዞ ሊደርሱበት የሚችሉት መድረክ በዚህ ምክንያት ጠፋ።

አሳዳጊው ምን ያገኛል

ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። በ1 ሚሊዮን ዶላር በተሸጠ ልጅ ላይ አራቱን የመጀመሪያ ዓመታት የያዘ ክለብ 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። ይህ ለአንድ ከተማ የታዳጊ ቡድን የዓመታት ኳስና ጫማ ነው። ገንዘቡ የሚደርሰው ግን ልጁ በፌዴሬሽን በተመዘገበ ክለብ ስም ሲያዝ ብቻ ነው። አሠልጣኙ በራሱ ጊዜና ኪስ የሚያስኬደው ያልተመዘገበ ፕሮጀክት ልጁን ከ12 ዓመቱ ቢያሳድግም «የተጫዋች ፓስፖርት» በሚባለው የክለቦቹ መዝገብ ላይ አይታይም። በየከተማው ያሉ አሠልጣኞች ከምንም በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ይህን ምዝገባ ነው።

ወደ ተጫዋቾቹ መንገድ ስንመለስ፣ በሴቶች በኩል የዱራሜዋ ሎዛ አበራ በስዊድን ኩንግስባካ፣ ቀጥሎም በማልታ ቢርኪርካራ ተጫውታለች፤ በማልታም በ2019/20 ዋንጫ አንሥታ የጎል አስቆጣሪነቱን መርታለች። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቅጣጫው ወደ አሜሪካ ዞረ። ሎዛ ለዲሲ ፓወር፣ የፋሲል ከነማው ሱራፌል ዳኛቸው ለቨርጂኒያው ላውደን ዩናይትድ ፈረሙ። ሁለቱም ክለቦች የሚገኙት ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ነው።