የኤንያስ አፍንጫ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ለንደን ነው። ጆን ድራይደን የሚባል ገጣሚ ነበር፤ የቤተ መንግሥት ባለቅኔ ተብሎ የተሾመ፣ ደመወዝ የተቆረጠለት። እ.ኤ.አ. በ1688 ካቶሊኩ ንጉሥ አገር ጥሎ ሸሸ፤ ዙፋኑን ፕሮቴስታንቱ ዊሊያም ያዘ። ድራይደንም ካቶሊክ ነበርና ለአዲሱ ንጉሥ ማል ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ሹመቱም ደመወዙም በዚያው ቀረ።

ዕድሜው ስድሳ ካለፈ በኋላ፣ በ1694፣ ጄኮብ ቶንሰን ከተባለ አሳታሚ ጋር ተዋዋለ፤ የሮማዊውን የቨርጂልን ግጥሞች ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ሊመልስ። የእረኞቹን፣ የእርሻውን፣ ሽማግሌ አባቱን አዝሎ ከምትነድ ትሮይ የወጣውን የኤንያስን ታሪክ ሳይቀር።

ከእረኞቹ ግጥም የመጀመሪያው ላይ መሬቱን የተነጠቀ ሰው አለ። ፍየሎቹን እየነዳ ይሰደዳል። አንዷ ፍየል መንታ ወልዳ ግልገሎቿን ባዶ አለት ላይ ጥላ መጥታለች፤ መራመድ አቅቷት እየጎተተ ይወስዳታል። ቦታውን የተቀማው ድራይደን እዚያች ፍየል ጋ ሲደርስ ብዕሩ ቆም ያለ ይመስለኛል።

የላቲኑ ስንኝ ቤት አይደፋም፤ ሩጫው በረጅምና በአጭር ድምፅ ምት ነው። ድራይደን ግን ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ቤት አስደፋ። ግጥም የሞከረ ያውቀዋል፤ ቤት መምቻ ፍለጋ ስንኝ ያስጨምራል። 9,900 ገደማ የነበረው የኤንያስ ስንኝ በእሱ እጅ ከ13,000 አለፈ። አበዛው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት እላለሁ፤ ለጆሮ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ አፍንጫው። ቶንሰን መጽሐፉ ለንጉሥ ዊሊያም እንዲበረከት ፈለገ። ድራይደን እምቢ አለ። ቶንሰን ምን አደረገ? ከ40 ዓመት በፊት ለሌላ ሰው ትርጉም የተቀረጹ የመዳብ ሰሌዳዎች ነበሩት። ኤንያስ ባለባቸው ሰሌዳዎች ላይ አፍንጫውን አስፍቆ፣ እንደ ንጉሡ አፍንጫ ጎባጣ አድርጎ አስቀረጸው። ከ101ዱ ሥዕሎች በእያንዳንዱ ግርጌ ለመጽሐፉ አምስት ጊኒ (የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም) የከፈለ አንድ ሰው ስምና አርማ ሰፈረ። ድራይደን የአፍንጫውን ነገር ሮም ለነበሩት ልጆቹ በደብዳቤ ነገራቸው።

መጽሐፉ በ1697 ወጣ። የእረኞቹን ግጥም ለአንድ መኮንን፣ የእርሻውን ለሌላ፣ ኤንያስን ለሦስተኛው አበረከተ። ለንጉሡ አንድም አልደረሰው።