ለቆራሌው የሰጠሁት ሽለላ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ፓርቲ አይደለም፤ ስለ አንድ ሸክላ ነው። ፖለቲካ የጎደለበት የሚመስለው ካለ ግን እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። (ዘመናቱን ያሰፈርኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በልጅነቴ ክረምትን የማሳልፈው ደብረ ብርሃን በሚገኘው በአጎቴ ቤት ነበር። ከሳሎኑ ጥግ የሸክላ ማጫወቻ፣ ከሥሩም በካርቶን የታጨቁ ሸክላዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ዘፋኝ የማይሰማበት አንድ ነበር። አጎቴ የመንዝ ሰው ነውና እንግዳ ሲመጣ ያንን ያስቀምጥና «ይህ ሰው በነሐስ ይሸልላል» ይል ነበር። በኋላ ካሴት መጣ፤ ማጫወቻው ተበላሸ፤ አጎቴም አረፈ። ቤቱን ባጸዳን ጊዜ ካርቶኑን አንሥቶ ለቆራሌው የሰጠው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ስንት ብር እንደተቀበልኩ እንኳ አላስታውስም። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ድምፅ ፓሪስ ታትሞ በመጣ ሲዲ ላይ ሰማሁት።

ሳክስፎን የሚነፉት ጌታቸው መኩሪያ ነበሩ። የተወለዱት በ1935 ከመንዝ ደጋ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ በሚገኘው በይፋት ነው። በዓመቱ ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ እስከ 1941 ድረስም መንዝና መርሐቤቴ እንደ አበበ አረጋይ ያሉ አርበኞች የሚዋጉባቸው ምድር ሆኑ። ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ በዚያ ዘመን የመድረክ ጌጥ አልነበሩም። ፉካሪው የገደለውንና የማረከውን እየዘረዘረ ለቃሉ ራሱን ያስይዝ ነበር፤ አድማጩም ሲነሣ ሞትን ንቆ ይነሣል።

ጌታቸው በክራርና በማሲንቆ ጀምረው በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ክላሪኔትና ሳክስፎን ያዙ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። ልብ በሉ፤ ሦስቱም የመንግሥት ቤቶች ናቸው። የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው ለሰልፍና ለክብር አቀባበል ነበርና መሣሪያውም፣ ደመወዙም፣ የደንብ ልብሱም የመንግሥት ነበር። እርሳቸው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሽለላን በሳክስፎን መጫወት ጀመሩ። ሽለላ በእኩል ምት አይታሰርም፤ ፉካሪው ትንፋሹ እስኪያልቅ ይሄዳል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገት ይቆማል፣ መልሶ ይነሣል። ሳክስፎኑም እንዲሁ አደረገ።

ፖለቲካው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1948 ንጉሠ ነገሥቱ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጡ። ማኅበሩ በመብቱ እጅግም አልሠራበትም፤ ሌላው ግን እንዳይሠራ ተከለከለ። ይህን አጥር የሰበረው በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነበር። በራሱ ስም ባቋቋመው አሳታሚ ድርጅት ሙዚቃውን ቀርጾ ውጭ አገር ያስትም ጀመር። እርሱ በሩን ከከፈተ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። የጌታቸው የሽለላ ሸክላ የወጣው በ1972፣ በፊሊፕስ ስም ነው። እንግዲህ ጥበቡ ከተጀመረበት እስከታተመበት ድረስ ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው።

ሃያ ዓመት ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። በዚሁ መካከል፣ በ1960፣ አሜሪካዊው ኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን አልበም ቀረጸ፤ የምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ ታሪክም ሳክስፎን ከምት እስራት የተፈታበትን ጊዜ ከዚያ አካባቢ ይቆጥራል። የጌታቸው ሸክላ በዓለም ገበያ ዳግም ሲሰማ ሐያስያን «ይህስ ኮልማንን፣ አልበርት አይለርን ይመስላል» አሉ። እኛ ቀደምን ብዬ ልፎክር አልፈልግም፤ ሁለቱ መንገዶች ምንጫቸው ለየቅል ነው። ነገር ግን ማን ማንን እንደሚመስል የሚወስነው ቀድሞ የተጫወተው ሳይሆን ቀድሞ የታተመው መሆኑን እናስተውል። አንድ የሞኖፖል አዋጅ ንግድን ብቻ አይዘጋም፤ የአንድን ሕዝብ የጊዜ ምስክርም ይነፍገዋል።

ተቃራኒውን ምሳሌም ሰሜን ሸዋ ትሰጠናለች። የምንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ፣ በ1908 ገደማ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ስለዚህ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ ባለቤት ማን ነው ሲባል መልስ አለን፤ ሸክላው ይመሰክራልና።

ከ1974 በኋላ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ አነቀው፤ ሸክላም በካሴት ተተካ። ያረጁትን ሸክላዎች አስሶ «ኢትዮጲክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዳግም ያሳተመው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የጌታቸው ሸክላ በ2003 በዚሁ ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። የኔዘርላንዱ የፓንክ ቡድን «ዘ ኤክስ» በ2004 ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው፤ በ2006ም «ሞዐ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ጎፈር ደፍተው በአውሮፓ መድረኮች ላይ ሸለሉ። በሚያዝያ 2016 አረፉ።

«ፈረንጅ ወሰደብን» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የባለቤትነትና የክፍያ ጥያቄ ሁልጊዜም ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ሆኖም ካርቶኑን ለቆራሌው የሰጠሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ከአቧራ አንሥቶ የጠረገውን ሰው ሌባ ለማለት አፌ አይደፍርም።

የመጨረሻ ነገር ልበል። በ2021 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ሽለላና ቀረርቶ ቴሌቪዥናችንን ሞልተውት ነበር፤ ከ2023 ወዲህም የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት አይቷል። ወንድም በወንድሙ ላይ ሲፎክር ሰምቼ ሲዲውን መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የጌታቸው ሽለላ ቃል የለውም፤ ቃል ስለሌለውም ጠላት አይጠራም። ወኔው እንዳለ ነው፣ ቁጣው እንዳለ ነው፤ ስሙ ተጠርቶ የሚሞት ሰው ግን የለበትም። አጎቴ እንግዳውን ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በዚያ ሸክላ ይቀበል የነበረው በዚህ ምክንያት ይሆን?

እንግዲህ መንግሥት አዋጅ እስኪያወጣ አንጠብቅ። አዋጅስ በ1948ም ወጥቶ ነበር። ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ክፈቱ፤ ሸክላውን አታጥፉ፣ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ፣ ያዳመጡትን አረጋውያን ዛሬውኑ ጠይቁ። ቆራሌው በጠዋት ያልፋልና።