በማሕፀን በር ላይ የተዘረጋው የደም ሥር

ባለፈው ሰሞን ነፍሰ ጡር የሆነች የእህቴ ልጅ የአልትራሳውንድ ውጤቷን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የፅንሱ ዕድሜ፣ የሚገመተው ክብደት፣ የልብ ምቱና የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ ሰፍሯል። ጾታውን በቃል ነግረዋታል። እትብቱ ከእንግዴ ልጁ ጋር የት ላይ እንደተያያዘ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ይህች የጎደለች መስመር ምን ልትደብቅ እንደምትችል አንብቤ ስለነበር ነገሩን በዋዛ ማለፍ አልቻልኩም።

እትብት ሦስት የደም ሥሮች አሉት፤ ሁለቱ ደም ወሳጅ፣ አንዱ ደም መላሽ። በወጉ ሲሆን ሦስቱም ጄሊ በመሰለ ወፍራም ነገር ተጠቅልለው እንግዴ ልጁ ድረስ ይዘልቃሉ። መንታ ካልሆኑ መቶ እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ ግን እትብቱ እንግዴ ልጁ ላይ ሳይደርስ ሽርት ውኃውን በያዘው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል፤ ሥሮቹም ያለ መከለያ በሽፋኑ ውስጥ ይጓዛሉ። አንዳንዴም እንግዴ ልጁ ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ ክፍሎቹን የሚያገናኙት ሥሮች እንዲሁ ራቁታቸውን ይዘረጋሉ። እነዚህ ሥሮች በማሕፀን በር ላይ ወይም በአጠገቡ ሲያልፉ ቫሳ ፕሪቪያ ይባላል። ከ2,500 ወሊዶች በአንዱ ገደማ እንደሚያጋጥም ይገመታል።

ብርቅ ነው፤ ግን ጨካኝ ነው። ሽርት ውኃው ሲፈስ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ሥሩ አብሮ ከተቀደደ የሚፈሰው የእናትየዋ ሳይሆን የልጁ ደም ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ፅንስ ያለው ደም ደግሞ 300 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፤ አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ለእናትየዋ ትንሽ የሚመስል መድማት ልጁን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

ምርመራው የተለየ ቀጠሮ አይጠይቅም። ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት በሚደረገው አልትራሳውንድ ላይ ሐኪሙ እትብቱ የገባበትን ቦታ ይፈልጋል፤ አጠራጣሪ ከሆነ በማሕፀን በር አካባቢ የደም ፍሰት መኖሩን በባለ ቀለም ዶፕለር ያያል። (ዶፕለር ኦስትሪያዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1842 ሐሳቡን ያቀረበው ስለ ከዋክብት ቀለም ነበር እንጂ ስለ ነፍሰ ጡሮች አልነበረም።) በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ከሁሉ የተሻለ ያሳያል። ችግሩ ከተገኘ በ32ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና ይታያል፤ ማሕፀኑ ሲያድግ አንዳንዶቹ ሥሮች ከበሩ ይርቃሉና። ካልራቁ እናትየዋ ምጥ ሳይጀምራት፣ ብዙውን ጊዜ ከ34ኛው እስከ 37ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች።

እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ፣ 155 እርግዝናዎችን በመረመረ ጥናት፣ ችግሩ አስቀድሞ ከታወቀላቸው ሕፃናት 97 በመቶው ሲተርፉ ካልታወቀላቸው የተረፉት 44 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሳይታወቁ በሰላም የተወለዱት መዝገብ ላይ ስለማይገቡ ልዩነቱ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ግማሹ ተጋኗል ብንል እንኳ የቀረው ቀላል አይደለም።

ታዲያ ሁሉም ነፍሰ ጡር ትመርመር? የብሪታንያ ብሔራዊ የምርመራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን አልደገፈም። የችግሩ ስርጭትና የምርመራው ትክክለኛነት በቂ ማስረጃ የላቸውም፣ በስጋት ያለጊዜው የሚወለዱ ሕፃናትም ጉዳት ይደርስባቸዋል የሚል ክርክር ነበረው። ክርክሩ ተራ አይደለም። እኔ ግን ለሁሉም የሚሆን ዘመቻና መሣሪያው ሆድ ላይ ካረፈ በኋላ የታየውን መጻፍ አንድ አይመስሉኝም። በተለይ እንግዴ ልጇ ዝቅ ብሎ ለታየ (በኋላ ከፍ ቢልም እንኳ)፣ እንግዴ ልጇ ለተከፈለ፣ መንታ ለያዘች ወይም በላቦራቶሪ ፅንሰት ላረገዘች ሴት መመርመሩ የግድ ነው እላለሁ።

ሕጉም ወደዚህ ያዘነብላል። የብሪታንያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በሞንትጎመሪ ጉዳይ፣ ሐኪም ታካሚዋ ልታውቀው የሚገባትን ከባድ አደጋ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል፤ ጉዳዩ የእትብት ሳይሆን የትከሻ መያዝ ቢሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ደንቡ የሚለካው ደግሞ ሳይንሱ በደረሰበት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲደረግ ይመክራል። እርግጥ ዶፕለር ያለው መሣሪያና የሠለጠነ እጅ በየቦታው አይገኝም። ነገር ግን እንግዴ ልጁ ከማሕፀን በር ምን ያህል ይርቃል፣ እትብቱ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ዶፕለር አይፈልግም።

የእህቴ ልጅ ሁለቱን ጥያቄዎች ጽፋ ተመለሰች። ሐኪሟ ሳይሰለች እንደገና አየላትና ከወረቀቱ ግርጌ «እትብቱ በእንግዴ ልጁ መሀል ገብቷል» ብሎ በእጁ ጨመረበት።