ሊንዶስ፦ የጠፋ ንብረቷን በድንጋይ ያስመዘገበች የባሕር ዳር ከተማ

ከሮድስ ከተማ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ አውቶቡስ ሊንዶስ ሲደርስ እንግዶቹን አደባባዩ ላይ ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ መኪና አይገባም። በኖራ በነጡ ቤቶች መካከል የሚሽሎከሎከው መንገድ የእግረኛና የአህያ ነው። አህዮቹ ኪራይ የከፈሉ ጎብኚዎችን ጭነው 116 ሜትር ከፍታ ወዳለው አምባ ይወጣሉ፤ የሚበዛው ሰው ግን ቁልቁል ወደ አሸዋው ይወርዳል። ከአምባው በስተደቡብ በዓለት የተከበበች ትንሽ የባሕር ወሽመጥ አለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ከመርከብ የወረደው እዚያ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ሮድስን ቢጠቅስም የሊንዶስን ስም አያነሳም፤ ወሽመጧ ግን በስሙ ትጠራለች፤ ዳር ላይም ነጭ ጸሎት ቤት ቆሟል።

አምባው ላይ የሊንዶሷ አቴና ቤተ መቅደስ ነበረ። ነገሥታትና የጦር አለቆች ለእንስቷ አምላክ ስጦታ ይልኩ ነበር። ዕቃው እየበዛ ሄደ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተነሳ እሳት ደግሞ ቤተ መቅደሱን ከነንብረቱ በላው። ሕንፃው እንደገና ተሠራ፣ ስጦታዎቹ ግን አልተመለሱም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ99 ዓመት የሊንዶስ ሰዎች ጉባኤ ተቀምጠው አንድ ውሳኔ አሳለፉ። የጠፉት ስጦታዎች ከድሮ ደብዳቤዎች፣ ከመዝገቦችና ከታሪክ ጸሐፊዎች መጻሕፍት እየተለቀሙ በትልቅ የድንጋይ ሰሌዳ ላይ እንዲቀረጹ ነበር ውሳኔው። ለሥራው ከተመረጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ቲማኪዳስ ይባላል። ሰሌዳው ቁመቱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። የእያንዳንዱ ዕቃ ሰጪ ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ምን እንደነበረና ማን እንደጻፈው ተራ በተራ ይዘረዝራል።

ዝርዝሩ ከተረት ይነሳል። ሄራክልስ ጋሻ፣ ውቢቱ ሄለን አምባር ሰጡ ይላል። ወደ ታች ሲወርድ ግን ታሪክ ውስጥ ይገባል። የግብፁ ፈርዖን አማሲስ የላከው የተልባ እግር ጥሩር ተመዝግቧል፤ እያንዳንዱ ክሩ ከ360 ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነበር። ይህን ስጦታ ሄሮዶቱስም ጠቅሶታል።

ስጦታዎቹን ተከትሎ አቴና ለከተማዋ የደረሰችባቸው ጊዜያት ይተረካሉ። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ የላከው ጦር አምባውን ከበበ፣ ውሃ አለቀ። እንስቷ አምላክ ለአንድ ሹም በሕልም ታይታ ከአባቷ ከዜውስ ውሃ እንደምትለምን ነገረችው። ከተማይቱ የአምስት ቀን ፋታ ጠየቀች፤ እስከዚያ ዝናብ ካልመጣ እጅ እንሰጣለን አለች። የፋርሱ አዛዥ ዳቲስ ሳቀ። በማግስቱ ደመና በአምባው አናት ላይ ተከማችቶ ዝናብ ወረደ፣ ሳቂው አዛዥም ካባውንና ጌጡን ለአቴና ሰጥቶ ሄደ ይላል ሰሌዳው። የታሪኩን እውነትነት ማረጋገጥ ያዳግታል። ከጊዜ በኋላ ዕቃዎቹን አጥተው የቀሩት የሊንዶስ ሰዎች ግን ከተማቸው ታላላቆችን ያስገበረች መሆኗ እንዳይረሳ መፈለጋቸው ግልጽ ነው።

ሰሌዳው ራሱም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች ሲያገኙት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወለል ንጣፍ ሆኖ ነበር። ደሴቲቱ ያኔ በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበረች። ሰሌዳው ወደ ኮፐንሃገን ተወሰደ፤ ዛሬም በዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

ጎብኚው አምባው ላይ የሚያየው የብዙ ዘመን ድርርብ ነው። ውጭውን የከበበው ግንብ እስከ 1522 ሮድስን የገዙት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ሥራ ነው። ታች መንደሩ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ጠጠር የተነጠፉ ግቢዎች ያሏቸው ቤቶች በኦቶማን ዘመን የከበሩ የመርከብ አዛዦች መኖሪያ ነበሩ። በ1912 ደሴቲቱን የያዘችው ጣልያን ደግሞ በ1930ዎቹ መጨረሻ የአምባውን ዓምዶች በኮንክሪትና በብረት መልሳ አቆመች። በዚያ ጊዜ ሮድስን ያስተዳድር የነበረው ቼዛሬ ዴ ቬኪ ቀደም ሲል የጣልያን ሶማሊያ ገዥ ነበር፤ ኢትዮጵያም በወቅቱ በጣልያን ወረራ ሥር ነበረች። ብረቱ ዝጎ ድንጋዩን ስለሰነጠቀ የግሪክ ባለሙያዎች በኋላ ሥራውን ከሥሩ ማረም ግድ ሆነባቸው።

የሊንዶስ ታሪክ ከእኛ ጋር የሚገናኘው በዚህ ብቻ አይደለም። በየካቲት 10 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ሮድስንና በአካባቢዋ ያሉትን ደሴቶች ከጣልያን ወደ ግሪክ አዛወረ። ያው ውል ጣልያን የኢትዮጵያን ነፃነት እንድትቀበል፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍልና ከጥቅምት 1935 ወዲህ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አስገድዷል። ግሪክ ደሴቶቿን ሳይውል ሳያድር ስትረከብ ከተወሰዱት ቅርሶች አንዱ የሆነው የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በ2005 ነው።

ወደ ሊንዶስ የሚሄድ ሰው ፀሐይ ሳይበረታ ወደ አምባው ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ባሕር ቢገባ ይሻለዋል፤ በጋው እዚያ ያቃጥላል። ከላይ ሆኖ የሚታየው የባሕሩ ቀለም በቂ ደስታ ነው። ያቺን ከተማ ከሌሎች ውብ ዳርቻዎች የሚለያትን ነገር ሙሉውን ማየት የሚሻ ግን ጉዞውን በሮድስ አይጨርስም፤ ኮፐንሃገን ይቀረዋል።