በእንደራሴ በኩል

የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ገበሬ ለርእሰ ብሔር ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ሕጉ ጠይቆት ስለማያውቅ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን ሕግ አብነት አድርገው ያረቀቁት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባላት መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ አዘዘ። መብቃቱን ማን መዝኖ እንደሚናገር ግን አልደነገገም። የጎጃም ባላገር እንደራሴውን በቀጥታ የመምረጥ መብት ያገኘው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው፤ ዘውዱ ያን ጊዜም ቢሆን በዘር የሚወረስ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ብሔራዊ ሸንጎ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዝዳንት አድርጎ መረጠ፤ ፓርቲውም፣ ጦሩም፣ መንግሥቱም በአንድ እጅ ነበሩ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አሳልፎ፣ ፕሬዝዳንቱን ርእሰ ብሔር ብቻ አደረገው። በሕዝብ በተመረጠ ፕሬዝዳንት እጅ የዋይማር ሪፐብሊካቸው የፈረሰባቸው ጀርመኖችም በ1949 እ.ኤ.አ. ወደዚሁ መንገድ ዞረዋል። የእኛው ሲሠራ እንዲህ ነው፦ ገበሬው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ሰው፣ ለክልሉ ምክር ቤትም ሌሎች ይመርጣል፤ የክልሉ ምክር ቤት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ይሰይማል (ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ማድረግም ይፈቀድለታል፤ የተለመደው ግን ይህ አይደለም)፤ ዕጩውን የተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ዓመት ይመርጡታል። ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ ክልክል ነው፤ ሁለቱንም ዘመን የፈጸሙት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው።

ተመራጩ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ምክር ቤቶቹን ይከፍታል፤ የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፤ ይቅርታ ያደርጋል። የጸደቀ ሕግ ለፊርማ ይቀርብለታል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ግን ሕጉ ያለ እርሱ ፊርማ ይጸናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ይህ አንቀጽ ነው፤ ብዕር ሰጥቶ ቀለሙን ነሥቶታልና።

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ይህን ወንበር ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ይዘው ነበር። ሲወርዱ፣ የቀድሞ ፕሬዝዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን እንዲያጣ የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። እርሳቸው ግን በ1997 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማቸው ደምቢ ዶሎ ሄደው፣ በግል ተወዳድረው፣ የሕዝቡን ድምፅ በቀጥታ ጠየቁ። አሸነፉም፤ ጥቅማ ጥቅሙም ተቋረጠባቸው።