በጉድዊን አሸዋ የተቀበረችው መርከብ

ከእንግሊዝ አገር ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከዲል ከተማ ፊት ለፊት፣ ጉድዊን ሳንድስ የሚባል 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአሸዋ ቁልል በባሕር ውስጥ ተጋድሞ ይገኛል። የባሕሩ ውኃ ሲጐድል ከፊሉ ብቅ ይላል፤ ሰውም ሊራመድበት ይችላል፤ ሙላቱ ሲመለስ ግን ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1703 በተነሣው ታላቅ ወጀብ፣ ስተርሊንግ ካስል የተባለችው ባለ 70 መድፍ የጦር መርከብ ከኖርዘምበርላንድ፣ ከሬስቶሬሽንና ከሜሪ ጋር የጠፋችው በዚህ ስፍራ ነው። ከሺህ በላይ መርከበኞች አለቁ፤ በሜሪ ላይ ከነበሩት የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1979፣ ማለትም ከ276 ዓመታት በኋላ፣ የአካባቢው ጠላቂ ዋናተኞች ስተርሊንግ ካስልን ሲያገኟት አካላቷ በአብዛኛው አልፈረሰም ነበር። መድፎቿና የመርከበኞቹ የግል ዕቃ ሳይቀር በውስጧ ነበሩ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በክብደቱ ብቻ ወደ አሸዋ የሚሰምጥ ይመስለዋል። ይህ ግን አይደለም፤ የረጋ አሸዋ ከባድ ሸክም ይችላል። ቀባሪው የውኃው እንቅስቃሴ ነው። የሞገድ ኃይል የርዝመቱን ግማሽ እስከሚያህል ጥልቀት ይወርዳል፤ በየ10 ሴኮንዱ የሚመጣ ሞገድ በጥልቅ ባሕር ላይ 156 ሜትር ያህል ስለሚረዝም እስከ 78 ሜትር ድረስ ይሰማል። ጥልቀቱ ባነሰበት ባሕር ደግሞ ውኃው በወለሉ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። በመንገዱ ላይ ዕቃ ባጋጠመው ጊዜ በግራና በቀኙ ፈጥኖ ያልፍና ከኋላው አዙሪት ይፈጥራል፤ አዙሪቱም አሸዋውን እያነሣ ይወስዳል። ውኃው አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር ይኸው ሥራ በሌላው ወገን ይደገማል። ዙሪያው ሲቦረቦር ዕቃው ድጋፍ አጥቶ ወደ ጕድጓዱ ያዘነብላል፤ ወጀቡ ሲበርድም አሸዋ ይሞላበታል። በጉድዊን በዚህ ላይ የሙላትና የጕድለት ኃይለኛ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ቁልሉም ራሱ ከቦታ ቦታ ይጓዛል።

ይህ ዕውቀት በይበልጥ የዳበረው፣ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በጦርነት ምክንያት ነው፤ በአሸዋ የተቀበረ የባሕር ፈንጂ ለፈላጊው አይታይምና። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 ባለው ክረምት አሜሪካውያን ሊቃውንት በማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ መለኪያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ፈንጂ መሰል በርሜሎችን በባሕር ወለል ላይ አስቀምጠው ተከታተሉ። በደቃቅ አሸዋ ላይ የተቀመጡት ከሞላ ጐደል ተቀበሩ። በሻካራው አሸዋ ላይ ግን ሞገዱ ራሱ ታላላቅ የአሸዋ ሽንትሮችን ስለሚሠራ፣ በርሜሎቹ ከወለሉ በላይ የቀረው ቁመታቸው ከሽንትሮቹ ጋር እስኪተካከል ሰምጠው ቆሙ። ውኃው ከዚያ በኋላ ዕቃውን ከሽንትሩ ለይቶ የሚቦረቡርበት ምክንያት አልነበረውም።

የቀበረው አሸዋ ግን መልሶ ይገልጣል። ስተርሊንግ ካስል ከተገኘች ብዙም ሳይቆይ ዳግመኛ ተሸፈነች፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደገና ብቅ አለች። አሸዋው አየር ከልክሎ ያቆየውን እንጨት የባሕር ትልና ፈሳሹ ወዲያው ይጀምሩታል፤ ከጐኗም ከፊሉ ፈረሰ። አውጥቶ ማዳንም ቀላል አይደለም፤ ሜሪ ሮዝ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1982 ከባሕር ከወጣች በኋላ እንጨቷን ውኃና ኬሚካል መርጨቱ እስከ 2013 ቆይቷል። ስለዚህ ከስተርሊንግ ካስል እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አንድ መድፍ ከነሠረገላው ሲሆን፣ ቀፎዋ ግን ለአሸዋው ተትቷል።